የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶን ቀለም መስጠት፦ ፊቱ ብርቱካናማ፣ እጁ ግራጫ እንዳይሆንባችሁ

ለድሮ ፎቶ ቀለም መስጠት የሚሞክሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው። ፎቶውን ይከፍታሉ፣ ብሩሽ ያነሳሉ፣ በቀጥታ ወደ ፊቱ ይሄዳሉ። ፊቱ ብርቱካናማ ይሆናል። ቀለሙን ሲያሳሱት ደግሞ ሰውየው የታመመ ይመስላል። ተስፋ ቆርጠው አውቶማቲክ አፕ ውስጥ ያስገቡታል። አፑም ልብሱን ሁሉ ቡናማ አድርጎ፣ አንዱን እጅ ግራጫ ትቶ፣ ፊቱንም የማያውቁት ሰው አስመስሎ ይመልስላቸዋል።

ይህ የሚሆነው የመሳል ችሎታ ስለሌላቸው አይደለም። ሥራው መሳል አይጠይቅም። ጥላው፣ የፊቱ ቅርጽ፣ የልብሱ እጥፋት ሁሉ ፎቶው ውስጥ አለ። የሚያበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ቀለም ከመነካቱ በፊት ያለው ዝግጅት የሥራው ግማሽ ያህል ነው። እሱን ከዘለላችሁ ከዚያ በኋላ የምትቀቡት ሁሉ አያምርም። ስለዚህ ደረጃዎቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ሂዱባቸው።

የሚያስፈልጋችሁ

ሌየር፣ ማስክና ብሌንድ ሞድ ያለው ማንኛውም የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ይበቃል። ሌየር አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብ የምስል ንጣፍ ነው። ማስክ የሌየሩ የቱ ክፍል እንደሚታይ፣ ብሌንድ ሞድ ደግሞ ሌየሩ ከሥሩ ካለው ጋር እንዴት እንደሚቀላቀል ይወስናል። ፎቶሾፕ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ ጂምፕና ክሪታ በነፃ ይገኛሉ። ፎቶፒ ደግሞ ምንም ሳይጫን ብራውዘር ላይ ይሠራል፤ አቀማመጡም ፎቶሾፕን ይመስላል። ማውስ ይበቃል። በስልክ ባትጀምሩ ይሻላል። የምትቀቡትን ቦታ ጣታችሁ ራሱ ይሸፍነዋል፣ ስክሪኑም የቀለም ስህተትን አሳንሶ ያሳያል።

የኮምፒውተሩን ስክሪን አስቀድማችሁ አስተካክሉ። ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን ናይት ላይት አጥፉ። ብርሃኑን መካከለኛ ላይ አድርጉ። ከፎቶው ጀርባ የሚታየውን ቦታ ግራጫ አድርጉት። ባለ ቀለም አምፖል በበራበት ክፍል ውስጥ አትሥሩ። ስክሪኑ ቢጫ ሆኖ የተሠራ ፊት ጠዋት ሲታይ ሰማያዊ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ ፎቶውን በእጅ ማዘጋጀት

1. እጃችሁን ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ፎቶውን በጠርዙ ብቻ ያዙ።
2. አቧራውን በለስላሳና ደረቅ ብሩሽ ከመሃል ወደ ውጭ ጥረጉ። በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይረጫል።
3. ውሃ፣ አልኮል ወይም የመስታወት ማጽጃ አታስነኩ። ምስሉን የያዘው የላይኛው ሽፋን በእርጥበት ይለሰልሳል፣ ይላጣልም።
4. የስካነሩን መስታወት ሳይቀር አጽዱ። እዚያ ላይ የቀረች አንዲት ቅንጣት አቧራ በኋላ ጉንጭ ላይ ነጥብ ሆና ትመጣለች።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎቶው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ከተጣበቀ ለማላቀቅ አትታገሉ። ከመስታወቱ ጋር እንዳለ ስካን አድርጉት። የተጠቀለለ ፎቶንም በኃይል አትዘርጉ፤ ሽፋኑ ይሰነጠቃል። አልበም ላይ በሙጫ የተለጠፈ ከሆነ ገጹን እንዳለ አንሱት።

ደረጃ 2፦ ስካን ማድረግ

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ስካን አድርጉ። ብዙ ሰው በዚህ ይስቃል፣ ግን ጥቅሙ ትልቅ ነው። ቢጫ እድፍ፣ የእስክሪብቶ ምልክት፣ የእርጥበት ነጠብጣብ የራሳቸው ቀለም አላቸው። በግራጫ ስካን ካደረጋችሁ ከምስሉ ጋር ይዋሃዱና አይለዩም። በቀለም ከሆነ ግን ደረጃ 4 ላይ በቀላሉ ታስወግዷቸዋላችሁ።

ሪዞሉሽኑን በዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች በሚነበቡ ነጥቦች ብዛት፣ እንዲህ ምረጡ፦

- በእጅ መዳፍ ልክ የሆነ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ፎቶ፦ 600 ዲፒአይ። 10 ሴንቲ ሜትር ጎን ያለው ፎቶ በዚህ 2,360 ፒክስል ገደማ ይሰጣል።
- የመታወቂያ ልክ የሆነ ትንሽ ፎቶ፦ 1200 ዲፒአይ።
- የፊልም ኔጌቲቭ፦ 2400 ዲፒአይና ከዚያ በላይ፣ ፊልም በሚያነብ ስካነር።

ፋይሉን ቲፍ (የምስሉን ጥራት የማይቀንስ የፋይል ዓይነት) አድርጋችሁ አስቀምጡ። ስካነሩ ለእያንዳንዱ ቻናል (ለቀዩ፣ ለአረንጓዴውና ለሰማያዊው የምስሉ ክፍል) 16 ቢት የሚፈቅድ ከሆነ እሱን ምረጡ። ስካነሩ በራሱ የሚያደርገውን ሹልነት መጨመር፣ አቧራ ማጥፋትና ኮንትራስት ማስተካከል ሁሉንም አጥፉ። አቧራ ማጥፊያው የዓይን ብልጭታን አቧራ መስሎት ሊያጠፋ ይችላል።

ስካነር ከሌለ፦ ፎቶውን ጥቁር ወረቀት ላይ አድርጉ። ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። ስልኩን ከላይ ሆናችሁ ከፎቶው ጋር ትይዩ ያዙ። ፍላሽ፣ ፊት ማሳመሪያና ዲጂታል ዙም አጥፉ። የፎቶው አራቱ ጠርዞች ቀጥ ብለው ካልታዩ እንደገና አንሱ።

የወረቀቱ ገጽ ሸካራ ከሆነ፦ ስካነሩ የወረቀቱን ቅንጣቶች ሁሉ እንደ ብልጭታ ያነባቸዋል። መጀመሪያ እንደተለመደው ስካን አድርጉ። ከዚያ ፎቶውን 180 ዲግሪ አዙራችሁ ድገሙት። ሁለተኛውን በፕሮግራሙ መልሳችሁ አዙሩና ከመጀመሪያው ላይ በትክክል ገጥማችሁ ኦፓሲቲውን (የሌየሩን ድፍንነት) 50% አድርጉ። ብልጭታው በጣም ይቀንሳል።

አሁን የስካኑን ኮፒ አውጡ። ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ኮፒው ላይ ብቻ ነው። ዋናው ፋይል አይነካም።

ደረጃ 3፦ ማስረጃ መሰብሰብ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ይበዛል፤ ውጤቱን ከመሠረቱ የሚያበላሸውም ይኸው ነው። ግራጫ የቀለሙን ዓይነት አይነግራችሁም። አንድ ቀይ ጨርቅና አንድ አረንጓዴ ጨርቅ ፎቶ ላይ ፍጹም እኩል ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ማንም ሶፍትዌር ሊያውቅ አይችልም፣ ይገምታል እንጂ።

የፎቶው ዕድሜም ግራጫውን ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ በፊት የተነሱ አብዛኞቹ ፎቶዎች ቀይ ብርሃንን በማያይ ፊልም ወይም የመስታወት ፕሌት የተነሱ ናቸው። በእነዚህ ላይ ቀይ ነገር ጥቁር ሊመስል ይቀርባል። ሰማያዊ ደግሞ ነጭ ይመስላል። ከንፈር ከሚገባው በላይ ይጠቁራል፣ የሰው ቆዳም ከእውነተኛው የጠቆረ ይሆናል። እንዲህ ያለ ፎቶ ላይ የጠቆረ ልብስ ስታዩ ጥቁር ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ቀይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከመቀባታችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ፦

1. የፎቶውን ጀርባ አንብቡ። ቀን፣ ቦታ ወይም የስቱዲዮ ማህተም ካለ መዝግቡ።
2. ልብሱ፣ ጌጡ ወይም ዕቃው እስካሁን ካለ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱት።
3. ዩኒፎርም፣ ሜዳሊያ፣ ባንዲራ ወይም መኪና ካለ በሙዚየም ስብስቦች ውስጥ ያለውን እውነተኛ ዕቃ ፈልጉ። ሌላ ሰው ቀለም የሰጠውን ፎቶ ማስረጃ አታድርጉ።
4. ሰውየውን የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁ። አጠያየቃችሁ ግን ወሳኝ ነው። «ቀሚሱ ሰማያዊ ነበር?» አትበሉ፤ ብዙ ሰው «አዎ፣ መሰለኝ» ይላል። «የቀሚሱ ቀለም ምን ነበር?» በሉ። ቀለም የሰጣችሁትን ምስል አስቀድማችሁ አታሳዩ። ያዩት ነገር ትዝታቸውን ይለውጠዋል።
5. ሁለት ዝርዝር ጻፉ፦ እርግጠኛ የሆናችሁበትና የገመታችሁት።

የተነገራችሁን ከግራጫው ጋር አመሳክሩ። ነጭ ነበር የተባለው ሸሚዝ በደማቅ ብርሃን ውስጥ ሆኖ ጠቆር ያለ ግራጫ ከሆነ የሆነ ነገር አልተገናኘም። ሌላ ሸሚዝ ሊሆን ይችላል።

ምንም ማስረጃ ላልተገኘለት ነገር ዝም ያለ ቀለም ስጡ፦ ደብዘዝ ያለ ቡናማ፣ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ። ግምት ዓይን መሳብ የለበትም ብዬ አምናለሁ። ያልተረጋገጠ ደማቅ ቀይ ቀሚስ አንዴ ቤተሰብ ውስጥ ከተሰራጨ እውነት ሆኖ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ ግራጫውን ማስተካከል

1. የቻናሎቹን ፓነል ክፈቱና ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቻናሎችን አንድ በአንድ ተመልከቱ። ቢጫ እድፍ ያለበት ፎቶ ብዙውን ጊዜ በቀዩ ቻናል ንጹህ ሆኖ ይታያል። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈበት ከሆነ ሰማያዊውን ቻናል እዩ።
2. ከሁሉ ንጹህ የሆነውን ቻናል ቅዱና እንደ አዲስ ሌየር ለጥፉት። ከአሁን በኋላ መሠረታችሁ ይህ ነው።
3. ሌቭልስን (የጥቁርና የነጭ መጠን ማስተካከያውን) ክፈቱ። በጣም ጥቁር የሆነው ቦታ ከ10 እስከ 15፣ በጣም ነጩ ደግሞ ከ240 እስከ 245 አካባቢ እንዲሆን አስተካክሉ።

ሦስተኛውን በጥንቃቄ ያዙት። ልማዱ ጥቁሩን እስከ 0፣ ነጩን እስከ 255 መግፋት ነው። ለጥቁርና ነጭ ህትመት ያምራል። ለቀለም ግን ፍጹም ነጭና ፍጹም ጥቁር ቦታ ከለር በሚባለው ሞድ ምንም ቀለም አይቀበልም። ግንባር ላይ ነጭ ባዶ ነጠብጣብ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ብሩሹ ግራጫ ብቻ ከቀባ፦ ቀይ መርጣችሁ ግራጫ ከወጣ ፋይሉ ግሬይስኬል ሞድ ላይ ነው። ኢሜጅ፣ ከዚያ ሞድ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ አርጂቢ አድርጉት። ብዙ ጀማሪ በዚህች ነገር ብቻ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብሎ ይተወዋል።

ደረጃ 5፦ ጭረትና ቀዳዳ መጠገን

ቀለም ጉዳትን አይሸፍንም። እንዲያውም ያጎላዋል። ነጭ ጭረት ቀይ ልብስ ላይ ሮዝ መስመር ይሆናል።

አዲስ ባዶ ሌየር ክፈቱና ጥገናውን እዚያ ላይ ሥሩ። ሂሊንግ ብሩሹ ወይም ክሎን ስታምፑ (ከጤነኛ ቦታ ቀድተው ጉዳትን የሚሸፍኑ መሣሪያዎች) ከሁሉም ሌየር እንዲያነብ ምርጫውን አብሩ። ከቀላሉ ጀምሩ፦ ሰማይ፣ ግድግዳ፣ መሬት። ከዚያ ልብስ። ፊት መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ እጃችሁ ይለማመዳል። ምስሉን 100% አጉልታችሁ ሥሩ። ከዚያ በላይ ካጎላችሁ ማንም የማያየውን ነጥብ ስታሳድዱ ትውላላችሁ።

የፊት መስመሮችንና ጠባሳን አታጥፉ። እነሱ ጉዳት አይደሉም፣ ሰውየው ናቸው። የጠፋ ዓይንን ከሌላው ዓይን ገልብጣችሁ ከለጠፋችሁ ደግሞ የብርሃን ብልጭታው በተቃራኒ ጎን ይሆናል። ብልጭታውን አጥፍታችሁ በትክክለኛው ጎን መልሱት። የፊልሙን ቅንጣት እንዳለ ተዉት።

ደረጃ 6፦ ሌየሮቹን ማደራጀት

የሥራው አጥንት እዚህ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ አንድ ዓይነት ነገር፣ አንድ ሌየር፣ አንድ ማስክ። ኮት አንድ፣ ሸሚዝ አንድ፣ ግድግዳ አንድ፣ ሣር አንድ።

1. የመሠረቱን ሌየር ቆልፉ።
2. አዲስ የሶሊድ ከለር ሌየር ክፈቱ። ጂምፕ ላይ አዲስ ሌየር ከፍታችሁ በቀለም ሙሉት።
3. ብሌንድ ሞዱን ከለር አድርጉ። ጂምፕ ላይ ኤልሲኤች ከለር ወይም ኤችኤስኤል ከለር የሚሉትን ታገኛላችሁ፤ በመጀመሪያው ጀምሩ። ይህ ሞድ የታችኛውን ብርሃንና ጥላ ሳይነካ ቀለሙን ብቻ ያለብሳል፣ ልክ ፎቶው ላይ ስስ ባለ ቀለም ጨርቅ እንደማልበስ።
4. ማስኩን ሙሉ በሙሉ ጥቁር አድርጉ። ቀለሙ ይጠፋል።
5. ነጭ ብሩሽ ያዙና ነገሩ ያለበትን ቦታ ማስኩ ላይ ቅቡ። ቀለሙ እዚያ ብቻ ይወጣል። ከጠርዝ ካለፋችሁ በጥቁር መልሱት።
6. ለሌየሩ ስም ስጡ። ሃያ ስም የለሽ ሌየር ውስጥ የግራውን እጅጌ መፈለግ አድካሚ ነው።

ቀለሙን በቀጥታ ባዶ ሌየር ላይ ከመቀባት ይህ የሚሻለው ለምንድን ነው? ነገ ኮቱ አረንጓዴ እንደነበር ቢነገራችሁ ማስኩን ሳትነኩ የሌየሩን ቀለም ብቻ ትቀይራላችሁ። ሥራችሁ አይባክንም።

ቀለም ስትመርጡ በኤችኤስቢ ቁጥሮች ሥሩ። ሂዩ የቀለሙ ዓይነት ነው፣ ከ0 እስከ 360። ሳቹሬሽን ጉልህነቱ ነው። ብራይትነስ ፍካቱ ነው፤ በከለር ሞድ ሁልጊዜ ከ60 እስከ 70 መካከል ያዙት። ጥቁር ቡናማ ልብስ ለመቀባት ጠቆር ያለ ቡናማ መምረጥ አያስፈልግም። ጥቁረቱን ግራጫው ይሰጣል። ጠቆር ያለ ቀለም ከመረጣችሁ ጉልህነቱ ይሞትና ጭቃ ይሆናል።

ግራጫ ጠርዝ እንዳይቀር፦ በሰውየውና በግድግዳው መካከል ቀጭን ግራጫ መስመር መቅረቱ የተለመደ ችግር ነው። መፍትሔው ከኋላ ያለውን ከታች፣ ከፊት ያለውን ከላይ መደርደር ነው። የግድግዳው ማስክ ጥቂት ፒክስል ወደ ሰውየው ይግባ። የላዩ ሌየር የታችኛውን ቀለም ስለሚተካው ክፍተት አይኖርም። ከዚያ የእያንዳንዱን ማስክ ጠርዝ በ1 ወይም በ2 ፒክስል አለስልሱት። በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል ጠርዝ ሥራውን ወዲያው ያጋልጣል።

ያልተቀባ ቦታ ለማግኘት፦ ከሁሉም በላይ የሂዩና ሳቹሬሽን ማስተካከያ ሌየር ጨምሩ። ሳቹሬሽኑን እስከ 70 ከፍ አድርጉ። የተረሳ ጆሮ፣ ከጠርዝ የፈሰሰ ቀለም ሁሉ ይጮኻል። አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ሌየሩን ዝጉት።

አውቶማቲክ መሣሪያ መጠቀም ከፈለጋችሁ

ተጠቀሙ፣ ግን እንደ መነሻ ብቻ። ፎቶሾፕ ውስጥ ኒውራል ፊልተርስ ከሚባሉት አንዱ ቀለም ይሰጣል። ዲኦልዲፋይ የተባለውም በነፃ ይገኛል። የሚሰጧችሁ ምስል ብዙ ጊዜ ከስካናችሁ ያነሰ ነው፣ ዝርዝሩም ይደበዝዛል። ስለዚህ ውጤቱን እንዳለ አትውሰዱ። ከስካናችሁ በላይ አዲስ ሌየር አድርጋችሁ አስገቡት፣ መጠኑን ገጥሙት፣ ሞዱን ከለር አድርጉት። አሁን ዝርዝሩ የስካናችሁ፣ ቀለሙ ብቻ የመሣሪያው ነው። ከዚያ የተሳሳተውን ቦታ በማስክ ሰርዛችሁ የራሳችሁን ቀለም ስጡ።

ሦስት ነገር ፈትሹ፦ ግራጫ የቀሩ እጆችና እግሮች፣ ሁለት ቀለም የሆነ አንድ ልብስ፣ ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት ያደረገ የቆዳ ቀለም። ጠቆር ያለ ቆዳን አፍዝዞ ግራጫ የሚያደርግ ውጤት ካያችሁ የቆዳውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ጣሉት። ደረጃ 8ን ተከትላችሁ በእጃችሁ ሥሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ፊት የሚያጠራ ምርጫ ካለ አጥፉት። በጽሑፍ ትእዛዝ ምስል የሚሠሩ መሣሪያዎች ደግሞ ፎቶውን ቀለም አይሰጡም፤ አዲስ ምስል ይሠራሉ። የሚወጣው ፊት አያታችሁን ይመስላል፣ አያታችሁ ግን አይደሉም። ኦንላይን አገልግሎት ላይ ከመጫናችሁ በፊትም ፎቶው ውስጥ ያሉት ሰዎች ወይም ቤተሰባቸው ምን እንደሚሉ አስቡ።

ደረጃ 7፦ ከኋላ ጀምሩ

ፊት ለመቀባት እጃችሁ ቢበላም ታገሡ። ፊቱ ተፈጥሯዊ መስሎ እንደሆነ የምታውቁት ዙሪያው ቀለም ሲኖረው ነው። በግራጫ መሃል ያለ ትክክለኛ የቆዳ ቀለም ሁልጊዜ ብርቱካናማ ይመስላል። ብርቱካናማ የሆነባቸው ብዙዎች ቀለሙን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ነው የሳቱት።

ሰማይ፦ ሂዩ ከ205 እስከ 215። ከላይ ሳቹሬሽኑ 30 ገደማ ይሁን፣ ወደ አድማስ ሲወርድ ወደ 10 ይቀንስ። ሰማዩ ፍጹም ነጭ ስለሆነ ቀለም አልቀበል ካለ የሌየሩን ሞድ ወደ መልቲፕላይ (ከሥሩ ያለውን የሚያጠቁር ሞድ) ቀይሩ፣ ብራይትነሱን ወደ 95 ከፍ አድርጉ፣ ኦፓሲቲውን ዝቅ አድርጉ።

ተክል፦ ሂዩ 120 ላይ ያለውን አረንጓዴ አትንኩት፤ ፕላስቲክ ይመስላል። እውነተኛ ቅጠል ወደ ቢጫ ያዘነበለ ነው፣ ከ75 እስከ 100፣ ሳቹሬሽኑም ከ35 ባይበልጥ ጥሩ። ሁለት ወይም ሦስት የተለያዩ አረንጓዴዎች ተጠቀሙ።

ነጭ ልብስ፦ ቀለም የለውም ብላችሁ ከተዋችሁት የተረሳ ይመስላል። ፀሐይ የነካውን ጎን በጣም ቀላል ቢጫ፣ ጥላውን በጣም ቀላል ሰማያዊ አድርጉ፤ ሳቹሬሽኑ ከ3 እስከ 6 ይበቃል። ጥቁር ልብስም እንዲሁ ነው።

ደረጃ 8፦ ቆዳ

ቆዳ አንድ ቀለም አይደለም። መመሪያው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱ። አንድ ሌየር ቀብተው የጨረሱት ፊት ጭምብል ይመስላል።

መሠረቱ፦ ሂዩ 20፣ ሳቹሬሽን 40፣ ብራይትነስ 65 ያለው ሌየር ክፈቱ። ፊትን፣ አንገትን፣ ጆሮን፣ እጅን ለስላሳ ጠርዝ ባለው ብሩሽ ሸፍኑ። ይህ መነሻ ለጠይምም ለቀይም ለጥቁርም ይሆናል። የሰው ቆዳ ሂዩ ከሰው ሰው ብዙም አይራራቅም፤ የሚለያየው በዋናነት ጥቁረቱና ጉልህነቱ ነው። ጥቁረቱ ደግሞ ግራጫው ውስጥ አለ። ከዚያ ሂዩውን ከ15 እስከ 28 ባለው ውስጥ ቀስ እያላችሁ ወዲህና ወዲያ አድርጉና የሚስማማውን ምረጡ።

ቅላቱ፦ ሁለተኛ ሌየር፣ ሂዩ ከ5 እስከ 10። የብሩሹን ኦፓሲቲ ከ10 እስከ 15% አድርጉ። ጉንጭ፣ የአፍንጫ ጫፍ፣ ጆሮና የጣት መገጣጠሚያ ላይ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ደም ከቆዳ ሥር ቀረብ ብሎ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ናቸው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። መዳፍን ግን አትርሱ፤ ከእጅ ጀርባ የፈካና ወደ ሮዝ ያደላ ነው።

ቢጫው፦ ሦስተኛ ሌየር፣ ሂዩ 35 ገደማ። ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ፣ በጣም ስስ አድርጋችሁ።

ቀዝቃዛው፦ የተላጨ ጢም ያለበት አገጭ ላይ ቅላቱን ቀንሱ፣ ትንሽም ወደ ሰማያዊ አዘንብሉት። ከዓይን ሥር ሂዩ 345 አካባቢ ያለ ሐምራዊ ጥቂት ይበቃል። ጠቆር ያለ ቆዳ ከቤት ውጭ ሲነሳ ደግሞ የሚያብረቀርቀው ቦታ የሰማይን ብርሃን ይመልሳል። ግንባርና ጉንጭ አጥንት ላይ ያለውን ብልጭታ ቀለሙን አሳሱት። ሁሉንም ቡናማ ካደረጋችሁት ቆዳው እንጨት ይመስላል።

አሁን ሁሉንም የቆዳ ሌየሮች አንድ ግሩፕ ውስጥ አድርጉና የግሩፑን ኦፓሲቲ ቀንሱ። መጀመሪያ 85% ሞክሩ።

ሲበላሽ፦

- ፊቱ ብርቱካናማ ከሆነ ሂዩውን ሳይሆን መጀመሪያ ሳቹሬሽኑን ቀንሱ። ካልተሻለ ሂዩውን 3 ወይም 4 ነጥብ ወደ ቀይ ውሰዱ።
- የታመመ ከመሰለ ቅላቱ ጎድሏል። የሁለተኛውን ሌየር ኦፓሲቲ ጨምሩ።
- ጥላው ውስጥ ቀይ ከነደደ ማስኩን እዚያ ቦታ ላይ በ20% ጥቁር ብሩሽ አሳሱት። ፎቶሾፕ ያላችሁ ብሌንድ ኢፍ በሚለው ጥቁሩን ክፍል ማስወጣት ትችላላችሁ።
- ፊትና አንገት ካልገጠሙ አንገቱ ላይ ቅላቱን ቀንሱ እንጂ አዲስ ቀለም አታምጡ።
- ብዙ ሰዎች ያሉበት ፎቶ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ግሩፕ ክፈቱ። ወንድማማቾች እንኳ አንድ ቀለም አይደሉም።

ደረጃ 9፦ ዓይን፣ ከንፈር፣ ጥርስ፣ ጸጉር

እዚህ ትንሽ ይበቃል። ከንፈር ላይ የሊፕስቲክ ቀይ አታድርጉ። በከንፈሩ ሌየር ላይ ሂዩውን ወደ 5 ወይም ወደ 355 አምጡ፣ ሳቹሬሽኑን ከቆዳው በጥቂቱ ብቻ አስበልጡ፣ ጠርዙን አለስልሱ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ የላይኛው ከንፈር ብዙ ጊዜ ወደ ቡናማ ያደላል፣ የታችኛው መሃሉ ሮዝ ይሆናል።

የዓይን ነጩ ክፍል ነጭ አይደለም። የቆዳውን ቀለም ከ10 እስከ 15% ተዉለት፤ ጥጉ ላይ ትንሽ ቅላት ጨምሩ። ጥርስም ቀላል ቢጫ ይፈልጋል። ጥቁር ጸጉር የሚያበራበት ቦታ ላይ ወይ ቡናማ ወይ ሰማያዊ ንክኪ ስጡ። ጸጉር ከግንባር የሚገናኝበትን መስመር በለስላሳ ብሩሽ ሥሩ፣ የቆዳው ቀለም ጥቂት ወደ ጸጉሩ ይግባ። ያለዚያ ዊግ ይሆናል።

ደረጃ 10፦ ማዋሃድ

እስካሁን የቀባችሁት እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ነው። እውነተኛ ብርሃን ግን ሁሉንም አንድ ላይ ይነካል።

1. ነጸብራቅ ጨምሩ። ቀይ ልብስ ከአገጭ ሥር ቀይ ይመልሳል፤ ሣር ላይ የቆመ ሰው የሱሪው ጫፍ አረንጓዴ ይነካዋል። በአዲስ የከለር ሌየር፣ ከ5 እስከ 8% ኦፓሲቲ ባለው ብሩሽ ሥሩ።
2. ከላይ አንድ የከርቭስ (ብርሃንና ቀለምን በመስመር የሚያስተካክል) ሌየር ጨምራችሁ ለሙሉው ምስል አንድ አየር ስጡት። ፀሐይ ከሆነ ሰማያዊውን ቻናል በጣም ጥቂት ዝቅ አድርጉ።
3. ቀለሙ ለስልሶ የተለጠፈ ከመሰለ የቀለሙን ሌየሮች ኮፒ አንድ ላይ አዋህዱና በጣም ጥቂት የቀለም ኖይዝ (ቅንጣት) ጨምሩ።
4. ምስሉን በአግድም ገልብጡና እዩት። ዓይናችሁ የለመደው ስህተት ብቅ ይላል።
5. ዝጉት። ነገ ክፈቱት። ብዙ ሰዓት ያፈጠጠ ዓይን ደማቅን ቀለም ደብዛዛ ያየዋል። በማግስቱ ብዙ ጊዜ የምታደርጉት አጠቃላይ ሳቹሬሽኑን መቀነስ ይሆናል።

ደረጃ 11፦ ማስቀመጥና ማተም

ሌየሮቹ ያሉበትን ፋይል በፕሮግራሙ በራሱ ዓይነት አስቀምጡ። አንድ ቀን ትክክለኛውን የልብስ ቀለም የሚነግራችሁ ሰው ሊመጣ ይችላል። ለስልክና ለኢንተርኔት በኤስአርጂቢ (በተለመደው የስክሪን የቀለም ዓይነት) ጄፔግ አውጡ፣ ጥራቱ 90 ወይም ከዚያ በላይ። ለህትመት ቲፍ አውጡ።

የፋይሉን ስም ስትሰጡ ቀለሙ በኋላ የተሰጠ መሆኑን ጻፉ። ስታጋሩም ጥቁርና ነጩን አብራችሁ አያይዙ። የደረጃ 3 ዝርዝራችሁን፣ ማለትም የቱ ቀለም የተረጋገጠ የቱ ግምት እንደሆነ፣ በዚያው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ።

ከማተማችሁ በፊት የፊቱን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ በትንሽ ወረቀት አሳትሙ። ህትመት ከስክሪን ይጠቁራል፣ ስለዚህ ጠቆር ያለ ፊት ዝርዝሩን ሊያጣ ይችላል። ከጠቆረ መሃለኛውን ግራጫ በከርቭስ ጥቂት ከፍ አድርጉና ትንሿን ድገሟት። ወረቀቱን በቀን ብርሃን አይታችሁ ስትወዱት ሙሉውን አሳትሙ።